ፊደል ሲጠፋ፤ የገጽ መግለጫ ሰነድን ወደ ነጥብ ሥዕል የመለወጥ ታሪክና የእኛ ድርሻ

መግቢያ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል በማኅበራችን አባላት ዘንድ እጅግ ከመለመዱ የተነሣ፣ ሁለተኛውን ክፍሉን መርምሮ የሚጠይቅ ብዙ ሰው አይገኝም። በጽሑፍ ያለ ሁሉ በእርግጥ ይወረሳልን? ይህን ጥያቄ ለማንሣት ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ቆላውን የሚይዘው የደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢትን አቋርጦ ያልፋል። በዚሁ አገር የጥንቱ የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። በወላስማ ነገሥታት መቃብር ላይ በዐረብኛ የተቀረጸው ጽሑፍ ከ14ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ኖሮ፣ በእኛ ዘመን በተመራማሪዎች ተነቧል። ድንጋዩን ለማንበብ ያስፈለገው ዐይንና ዐረብኛ ማወቅ ብቻ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሸዋ ሮቢት ከዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተራውን ሲጠብቅ፣ አንድ አዛውንት የእድራቸውን መተዳደሪያ ደንብ የያዘ ፍላሽ አምጥተው እንዲታተምላቸው ጠየቁ። ደንቡ በ1994 ዓ.ም. በኮምፒዩተር የተጻፈ ነበር። ልጅቱ ፋይሉን ስትከፍተው ግን በአማርኛው ፈንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ድርድር ወጣ። «አባባ፣ ይኼ የተጻፈበት ፊደል እኛ ጋ የለም» አለቻቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ ፊደል ደግሞ እንዴት ይጠፋል? ሀሁን እኮ አንቺም ታውቂዋለሽ» አሏት። በነገሩ የሣቀ ሰው አልነበረም፤ የወረቀቱ ቅጂ ጠፍቶ ሳለ ለአንድ ሟች ቤተሰብ በሚገባው ክፍያ ላይ ክርክር ተነሥቶ ስለ ነበረ፣ አንቀጹ በዚያው ሳምንት ይፈለግ ነበር።

እንግዲህ የስድስት መቶ ዓመቱ ድንጋይ ሲነበብ፣ የሃያ ዓመቱ ደንብ ሳይነበብ ቀረ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ነገር ምክንያት ከታሪኩ ጀምሮ ማስረዳት፣ ከዚያም የገጽ መግለጫ ሰነድን በትእዛዝ መስመር ወደ ነጥብ ሥዕል መለወጥ የተባለው ሙያ ለችግሩ ምን ያህል መድኃኒት እንደሚሆን፣ ምን ያህልም እንደማይሆን ለሥራ ባልደረቦች ማሳየት ነው።

1. ከብራና እስከ እርሳስ ፊደል

በብራና ዘመን ጽሑፍና ገጽ አንድ ነበሩ። ጸሐፊው ብራናውን ወግቶና አስምሮ፣ ፊደሉን በመቃ ብዕር ሲያሳርፍ፣ ቅርጹም መልእክቱም በዚያው ቆዳ ላይ አብረው ይቀመጡ ነበር። የሁለቱ መለያየት የጀመረው በማተሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ። ከእርሱም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮም ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ፊደሉ ከገጹ ተለይቶ በእርሳስ ተቀርጾ በሣጥን የሚቀመጥ፣ ለእያንዳንዱ ገጽ እንደ አዲስ የሚደረደር ዕቃ ሆነ።

በአገራችንም ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመና ነጋሪት ጋዜጣም በ1934 ዓ.ም. መውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ የመንግሥት ቃል በእርሳስ ፊደል እየታተመ በየአውራጃው ተዳረሰ። የኢንጂነር አያና ብሩ ስም የሚነሣበት የአማርኛ መጻፊያ መኪናም ሌላ ብልኀት አመጣ፤ የፊደሉ ብዛት ከመኪናው ቁልፍ ስለሚበልጥ፣ ፊደሉ ከግንድና ከቅጥያ እየተገጣጠመ ይጻፍ ጀመር። ይህ የመገጣጠም ዘዴ በኋላ ዘመን በኮምፒዩተርም ተመልሶ እንደሚመጣ ቀጥሎ እናያለን። ይሁን እንጂ ማተሚያውም ሆነ መጻፊያ መኪናው ምንም ዐይነት ስልት ቢከተሉ፣ ውጤታቸው ወረቀት ላይ ያረፈ ቀለም ነበር። የእርሳሱ ፊደል ቢቀልጥ፣ መኪናውም ቢሰበር የታተመው ገጽ መነበቡን አያቋርጥም።

2. ገጹን በሥዕል መያዝ

ጽሑፍን በሌላ እጅ ገልብጦ ከማቆየት ይልቅ የገጹን ሥዕል አንሥቶ ማቆየት የሚለው አሳብ በአገራችን በሰፊው የተሠራበት በማይክሮፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በየገዳሙና በየአድባራቱ ያሉትን መጻሕፍት ፎቶግራፍ እያነሣ፣ ቅጂውን በአዲስ አበባና በሚኒሶታ በሚገኘው የሒል ቤተ መጻሕፍት አስቀመጠ። በሸንኮራ የተወለዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በርካታ ዓመታቸውን ለዚህ ስብስብ መዘርዝር ዝግጅት ሰጡ።

የዚህ ሥራ ትምህርቱ ግልጥ ነው። ፎቶግራፉ የመጽሐፉን ቃል አያውቅም፤ ፈልጎም አያወጣም። ነገር ግን ጥቁሩን ጥቁር፣ ነጩን ነጭ አድርጎ ስላቆየው፣ ፊደል የሚያውቅ ሰው እስካለ ድረስ ይነበባል። በአንጻሩ ዋናው መጽሐፍ ቢጠፋ ወይም ቢቃጠል ሥዕሉ ምስክር ሆኖ ይቀራል። የይፋት ቆላ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በእሳት ስትጎዳ፣ ሸዋ ሮቢትም በኅዳር 2014 ዓ.ም. በጦርነት ውስጥ ስትወድቅ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ወረቀት ከቤቱ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ሁሉም ተረድቷል።

3. የገጽ መግለጫ ቋንቋ መወለድ

ኮምፒዩተር ገጽን የሚይዝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ገጹን በጥቃቅን ነጥቦች መረብ ከፍሎ እያንዳንዷ ነጥብ ጥቁር ወይም ነጭ መሆኗን መመዝገብ ነው፤ ይህም የነጥብ ሥዕል ይባላል። ሁለተኛው ገጹን በትእዛዝ መግለጥ ነው፤ «በዚህ ቦታ፣ በዚህ መጠን፣ ከዚህ ፎንት ይህን ፊደል አሳርፍ፤ ከዚህ እስከዚያ መስመር ሳብ» እያሉ መጻፍ ማለት ነው። አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ፖስትስክሪፕት የዚህ ዐይነቱ ቋንቋ ነው። በተከታዩ ዓመት አፕል ያወጣው የሌዘር ማተሚያ ይህን ቋንቋ የሚረዳ ስለ ነበረ፣ ትልቅ ማተሚያ ቤት የሌለው ሰው ጥራት ያለው ገጽ በጠረጴዛው ላይ ለማውጣት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ፒዲኤፍም ከዚሁ የተወለደ ነው።

መግለጫ ግን ያለ ተርጓሚ ገጽ አይሆንም። በወረቀት ላይም ሆነ በመስኮት ላይ የሚታየው ሁሉ በመጨረሻ ነጥብ ስለሆነ፣ ትእዛዙን አንብቦ ነጥቡን የሚዘራ ፕሮግራም ያስፈልጋል። ፒተር ዶይች እ.ኤ.አ. በ1988 ለሕዝብ በነጻ የለቀቁት ጎስትስክሪፕት ይህን ሥራ ውድ ማተሚያ ለሌለው ሁሉ አደረሰው። ከዚያም ኢሜጅማጂክ የተባለው የሥዕል መለወጫ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ኤክስፒዲኤፍ፣ ከእርሱም የተገኘው ፖፕለር ተከተሉ። ኢሜጅማጂክ ፒዲኤፍን በራሱ የሚያነብ ይመስላል እንጂ፣ በእውነቱ ሥራውን ለጎስትስክሪፕት አሳልፎ የሚሰጥ ነው። ይህን ያላወቀ ሠራተኛ ጎስትስክሪፕት በሌለበት መኪና ላይ ፋይሉ አልከፈት ሲለው በከንቱ ይደክማል።

እነዚህ ሁሉ የሚታዘዙት በትእዛዝ መስመር ነው። ሠራተኛው በመዳፊት አንድ በአንድ ከመጫን ይልቅ፣ የፕሮግራሙን ስም፣ የነጥቡን ጥግግት፣ የሚፈለገውን የሥዕል ዐይነት፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ቁጥር፣ የፋይሉንም ስም በአንድ መስመር ጽፎ ያዝዛል። ለአንድ ገጽ ይህ ሥራ ማብዛት ይመስላል፤ ለዐሥር ሺህ ገጽ ግን ሌላ መንገድ የለም። ማታ ታዝዞ ያደረ መኪና ጧት ሥራውን ጨርሶ ይጠብቃል፤ ትእዛዙም ተጽፎ ስለሚቀመጥ ሥራው በምን ዐይነት መለኪያ እንደ ተሠራ ከዓመታት በኋላ መመርመር ይቻላል። ለመዝገብ ቤት ሰው ይህ ሁለተኛው ጥቅም ከመጀመሪያው አያንስም።

4. ፊደላችን በኮምፒዩተር

የሸዋ ሮቢቱ አዛውንት ፊደል የጠፋው በዚህ ምዕራፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፍስሐ አጥላው በአሜሪካ ከቀደምቶቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች አንዱን ሲያዘጋጁ፣ በአዲስ አበባም የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪ የተባለውን አወጣ። ብራና፣ ቪዥዋል ግእዝና ፓወር ግእዝም በየመሥሪያ ቤቱ ገቡ። በዩኒቨርሲቲዎችም አባስ ዓለምነህ፣ በሐምቡርግም ብርሃኑ በየነ ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ቴክ የተባለውን የጽሑፍ መደርደሪያ ለግእዝ ፊደል አበቁት። እነዚህ ሰዎች ማንም ሳያዛቸው የሠሩት ሥራ ባይኖር ኖሮ፣ የአገራችን ጽሕፈት ቤቶች ለብዙ ዓመታት ከኮምፒዩተር ተለይተው በቀሩ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከቦታ ጥበት ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት ከ256 የማይበልጥ ቦታ ነበረው፤ ከዚያም ላይ ብዙው በሌላ ሥራ የተያዘ ነበር። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃላ ፊደላት፣ አኃዝና ሥርዐተ ነጥብ ሲጨመሩ ከቦታው ያልፋል። ስለዚህ አንዱ አዘጋጅ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈለው፤ ሌላው እንደ መጻፊያ መኪናው ግንዱንና ቅጥያውን እየገጣጠመ ጻፈው። እያንዳንዱም የየራሱን የቁጥር ምደባ አወጣ። በአንዱ ዘንድ «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው ዘንድ «ጠ»፣ ፎንቱ በሌለበት መኪና ላይ ደግሞ የላቲን ምልክት ሆነ።

ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ ለግእዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው፤ ለዚህም ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎችም ብዙ ደክመዋል። ሆኖም መደበኛው ምደባ በየመሥሪያ ቤቱ እስኪሠርጽ ዓመታት አለፉ፤ አማርኛ የሚያሳይ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ቪስታ ጀምሮ ነው። በመካከሉ የተጻፈው ደንብ፣ ውል፣ ቃለ ጉባኤና የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ በአሮጌው ምደባ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ፒዲኤፍ ያለው ጠባይ በሚገባ መታወቅ አለበት። ፒዲኤፉ ሲዘጋጅ ፎንቱ በውስጡ ተካቶ ከሆነ፣ ገጹ በማንኛውም መኪና ላይ ደኅና ሆኖ ይታያል፤ ጽሑፉን ገልብጦ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ቢፈለግ ግን ያው የላቲን ድርድር ይወጣል። ፎንቱ ካልተካተተ ደግሞ መለወጫው ፕሮግራም በራሱ ፈቃድ ሌላ ፎንት ይተካና የተበላሸ ገጽ ያወጣል። ስለዚህ ከመለወጥ በፊት ፎንቱ መካተቱን መመርመር የመጀመሪያው ግዴታ ነው፤ ከፖፕለር ጋር የሚመጣው ፒዲኤፍ-ፎንትስ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ይህን በአንድ ትእዛዝ ይዘረዝራል።

የአዛውንቱም ጉዳይ የተቃናው በዚህ ነው። በፍላሹ ላይ ከጽሑፉ ፋይል ጎን የቀድሞው ጸሐፊ ያዘጋጀው ፒዲኤፍ ተገኘ፤ ሲመረመርም ፎንቱ ተካቷል። ገጾቹ ወደ ነጥብ ሥዕል ተለውጠው ታተሙ፤ ሥዕሎቹም ወደ እድሩ ዳኛ ስልክ ተላኩ። ያ ጸሐፊ ፒዲኤፉን ባያስቀምጥ ኖሮ ግን ማንኛውም መለወጫ ባልረዳ ነበር።

5. የነጥብ ብዛትና የፊደል ህልውና

የነጥብ ሥዕል ጥራት የሚለካው በአንድ ኢንች ውስጥ በሚያርፈው የነጥብ ብዛት ነው። ጎስትስክሪፕትም ሆነ ኢሜጅማጂክ በቁጥር ካልታዘዙ በቀር በኢንች 72 ነጥብ ብቻ ይዘራሉ፤ የፖፕለሩ ፒዲኤፍ-ቱ-ፒፒኤም ደግሞ 150። በ72 ሲለወጥ የ12 ነጥብ ፊደል ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ነጥብ ገደማ ብቻ ይደርሰዋል፤ በ300 ሲለወጥ ግን 50 ይደርሰዋል።

ይህ ልዩነት ለላቲን አንባቢ የውበት ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ለእኛ ግን የትርጉም ጉዳይ ነው። በፊደላችን አናባቢው የሚታወቀው በግንዱ ላይ በምትቀጠል ትንሽ ምልክት ነው። ካዕቡ ከጎኑ መካከል፣ ሣልሱ ከእግሩ በታች ይቀጠልበታል። ምልክቷ አንድ ነጥብ ብቻ ሆና ከተደበዘዘች «ሸጠ» እና «ሸጡ» አይለዩም፤ በአንድ የመሬት ውል ላይ ሻጩ አንድ ሰው ይሁን ወይም ብዙ ወራሾች ይሁኑ የሚታወቀው በዚህች ምልክት ነው። የግእዝ አኃዝም እንዲሁ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ የአዋጅን ቁጥርና ዓመት በግእዝ አኃዝ ሲያትም እንደ ኖረ አንባቢ ያውቃል፤ በደበዘዘ ሥዕል ላይ ፮ እና ፯ ቢምታቱ የአዋጁ ቁጥር ራሱ ይለወጣል።

ጥራት ግን ዋጋ አለው። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ሲለወጥ 2480 በ3508፣ ማለትም 8.7 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይይዛል። ጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነ ሳይታመቅ 1.1 ሚሊዮን ባይት ያህል፣ በሙሉ ቀለም ከሆነ 26 ሚሊዮን ባይት ያህል ይሆናል። መቶ ገጽ በሙሉ ቀለም በአንድ ጊዜ በማስታወሻው ውስጥ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም 2.6 ቢሊዮን ባይት ይፈልጋል፤ ኢሜጅማጂክ በትልቅ መጽሐፍ ላይ ሲታዘዝ መኪናው የሚያቃስተው ስለዚህ ነው። ገጽ በገጽ እየለወጠ የሚሄድ ትእዛዝ ከዚህ ያድናል። ለጽሑፍ ገጽ 300፣ ለጥቃቅን ፊደል ወይም ለማኅተም ደግሞ 400 ወይም 600 መምረጥ፣ ቀለም በማያስፈልግበትም ቀለም አለመጨመር ደኅና ልማድ ነው።

6. ስለ ጥንቃቄ

ሙያው ከሦስት ስሕተት ሊጠበቅ ይገባል። የመጀመሪያው የማመቅ ስሕተት ነው። ጄፔግ ለፎቶግራፍ የተሠራ ስለሆነ በፊደል ጠርዝ ላይ ጥላ ያበዛል፤ ለጽሑፍ ምንም ሳያጠፉ የሚያምቁት ፒኤንጂና ቲፍ ይሻላሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዳቪድ ክሪዝል የተባሉት ጀርመናዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ አንዳንድ የዜሮክስ መኪናዎች ሰነድ ሲቃኙ አንዱን አኃዝ በሌላ እንደሚተኩ ገለጡ። ምክንያቱ ተመሳሳይ ቅርጾችን እንደ አንድ የሚቆጥር የማመቂያ ዘዴ ነበር። የላቲን 6 ወደ 8 ከተለወጠ፣ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ፊደላት በበዙበት በእኛ ጽሕፈት ላይ ይህ ዘዴ የሚያደርሰውን ጥፋት መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው የደኅንነት ስሕተት ነው። ፖስትስክሪፕት የፕሮግራም ቋንቋ እንደ መሆኑ፣ ክፉ ሰው ያዘጋጀው ፋይል የሚከፍተውን መኪና ሊያዝዘው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በጎስትስክሪፕት ላይ እንዲህ ያሉ ቀዳዳዎች ከተገለጡ በኋላ ብዙ የሊኑክስ አከፋፋዮች ኢሜጅማጂክ ፒዲኤፍን እንዳይከፍት ከለከሉ። ክልከላው ያስቸገረው ሠራተኛ ደንቡን በችኮላ ከመሻር ይልቅ፣ ፕሮግራሙን ማደስና ምንጩ ያልታወቀን ፋይል ለይቶ መክፈት ይገባዋል።

ሦስተኛው የሥርዐት ስሕተት ነው። ገጾቹ በተራ ቁጥር ሲሰየሙ አኃዙ በዜሮ ካልተሞላ 10ኛው ገጽ ከ2ኛው ቀድሞ ይሰለፋል፤ የአንድ ውል ገጽም ከቦታው ይናወጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሥዕሉ ወጣ ተብሎ ዋናው ፒዲኤፍ መጣል የለበትም። ከመግለጫ ሥዕል በየጊዜው ሊወጣ ይችላል፤ ከሥዕል ግን መግለጫውን መልሶ ማግኘት አይቻልም።

በእርግጥ ሥዕልን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ብልኀት አለ። ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛን ማንበብ ከተማረ ዓመታት አልፈዋል፤ እርሱም የሚቀበለው ፒዲኤፍን ሳይሆን ሥዕልን ነው። ስለዚህ በአሮጌ ፎንት የተዘጋን ሰነድ ለመክፈት የታወቀው መንገድ ገጹን በ300 ወደ ሥዕል ለውጦ ለቴሰራክት መስጠት፣ ከዚያም ፊደል የሚያውቅ ሰው ቃል በቃል እንዲያርመው ማድረግ ነው። የመጨረሻውን ተግባር የሚዘል ሰው ካዕቡን በግእዝ ተክቶ ስሕተቱን በንጹሕ ፎንት ያትማል፤ ይህም ከደበዘዘው ሥዕል የከፋ ነው፤ ደብዛዛው ሥዕል ቢያንስ ደብዛዛነቱን አይሸሽግም።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው፣ ሥዕልና መግለጫ ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ ደጋፊዎች መሆናቸውን ነው። መግለጫው ይፈለግበታል፣ ይታረማል፣ ይባዛል፤ ሥዕሉ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ለመዝገብ የሚሆን የፒዲኤፍ ደረጃ ፎንት ሁሉ እንዲካተት ማስገደዱም ከዚሁ ልምድ የተገኘ ነው።

ለማኅበራችን አባላት የሚቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በየመሥሪያ ቤታችን በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሰነድ አለ፤ ፎንቱ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒዩተርም ምናልባት በአንድ ጥግ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ያ መኪና ከመጣሉ በፊት ሰነዶቹ ፎንታቸው ተካቶ ወደ ፒዲኤፍ፣ ከዚያም በ300 ወደ ነጥብ ሥዕል ይለወጡ፤ የተሠራበትም ትእዛዝ ከሥዕሎቹ ጋር ይቀመጥ፤ አንድ ቅጂም ከከተማው ውጭ ይደር። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ነጻ ፕሮግራም፣ አንድ መስመር ትእዛዝና የጥቂት ሌሊት ኤሌክትሪክ ነው።

በሸዋ ሮቢት አዛውንቱ የታተመውን ደንብ ተቀብለው የሚፈለገውን አንቀጽ ጣታቸውን እያስከተሉ ካነበቡ በኋላ፣ «እንኳን ፊደሉ ተገኘ» ብለው ሂሳባቸውን ከፍለው ሄዱ። በጽሑፍ ያለ የሚወረሰው የሚያወርሰው ሰው ሲኖር ነው፤ ያም ሥራ የእኛ ነው።